ከቡላኦስ የገዛሁት ከባድ ኬዝ

ሲሚንቶ ሲቦካ ማየት ያቅለሸልሸኛል። ሰፈሬ ውስጥ ቤት ሲሠራ መንገድ ቀይሬ ነው የማልፈው። ጓደኞቼ «ሲሚንቶ ደግሞ ምን በደለህ?» እያሉ ይስቁብኛል። ምን እንደበደለኝ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሬ፣ ከወደብ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ለሚወጡ ሾፌሮች ሰነድ እተይብ ነበር። የምኖረው ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ነው። ክፍሌ በአንድ በኩል ከሻይ ቤት፣ በሌላ በኩል ከጫት ሻጮች ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ወጣት ነበርኩ፤ ነገር ሁሉ የሚቃናልኝ የሚመስለኝ ዓይነት ወጣት።

አንድ ሐሳብ ነበረኝ። የኛ አገር ሴቶች ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በየቪላው ተቀጥረው ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ይሰነብቱና ዓርብ እረፍታቸው ነው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ካዩ ዓመታት አልፏቸዋል። በኢንተርኔት ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት የተጀመረበት ሰሞን ስለነበር፣ በክፍሌ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ባቆምና ዓርብ ዓርብ እየመጡ ከልጆቻቸው ጋር ቢተያዩ ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያዋ ደግሞ ወይንሸት እንድትሆን ቃል ገባሁላት። ወይንሸት በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እንደ ታላቅ እህት ናት። ልጇን ፌቨንን ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ትታት ስትመጣ ሕፃኗ ገና በእግሯ አልሄደችም ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች።

ኮምፒውተሩ ከቢሮ የተጣለ ነው። ማዘርቦርዱና ሃርድ ዲስኩ ደህና ናቸው፤ ኬዙን፣ የውጭ ብረት ሳጥኑን ግን የባሕሩ አየር በልቶት በእጅ ሲነካ ይረግፋል፣ መብራት የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩም ሞቷል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ፓወሩ አብሮት ያለ ርካሽ ኬዝ ብቻ ነበር።

«መኩሪያ ጋ ሂድ» አለኝ ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ በዚያ መንገድ ላይ ያረጀ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እሱን የማያማክር የኛ ሰው የለም። «ስትገዛ ደግሞ አንሳው። ዕቃ በክብደቱ ነው የሚታወቀው። ቀላል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጥለኸው ውጣ።»

ይህ የጋሽ ደምሴ ብቻ አይደለም፤ በዚያ መስመር ላይ ያለን ሰዎች ሁሉ ሃይማኖት ነበር። ካውያም ይሁን ባትሪ፣ ራዲዮም ይሁን ማደባለቂያ ስንገዛ፣ የተጻፈበትን ከማንበባችን በፊት አንስተን በእጃችን እንመዝናለን። ከከበደ ኦሪጅናል ነው፤ ከቀለለ የውሸት ነው። ሻጮቹም ይህንን ጠባያችንን ያውቃሉ።

የመኩሪያ ሱቅ ቡላኦስ ገበያ ዳር ነው። ያኔ «ጋሽ» እና «አንቱ» ነበር የምለው፤ ዛሬ ግን አንቱ ብዬ ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ያኔ የኢትዮጵያውያን እድር ሰብሳቢ ነበር። በሰው አገር የኛ ሰው ሲሞት ገንዘብ አዋጥቶ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚያስልከው እሱ ነው። ሱቁ ውስጥ ከገንዘብ መሳቢያው በላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ኬዝ ፈልጌ ነበር፤ ፓወሩ አብሮት ያለ፣ ረከስ ያለ።»

«መጀመሪያ ቁጭ በል እንጂ! ያገር ልጅ ቆሞ አይገዛም» ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ አስቀዳልኝ።

ሁለት ኬዞች አወጣ። የመጀመሪያውን ሳነሳው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። «እሱንማ ላንተ አልሸጥልህም፤ ቆርቆሮ ነው» አለና ሁለተኛውን ወደኔ ገፋው። «ይኼን ሞክረው እስቲ።»

አነሳሁት። ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ፊቴ በርቶ ይሆናል፤ አየኝና ፈገግ አለ።

«ክብደት አይዋሽም ልጄ። ፓወሩ ነው እንዲያ የሚከብደው፤ ውስጡ መዳብ ነው። በእጅህ መዝነህ መግዛትህ ጥሩ ነው፤ አባትህ የመከሩህ ትመስላለህ።»

«ጋሽ ደምሴ ናቸው የመከሩኝ።»

«ደምሴ ዕቃ ያውቃል» አለ። ከኋላው የዚያው ዓይነት ኬዝ ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረው ነበር። መርቆ ሸኘኝ። ከባድ ዕቃ አግኝቼ በኩራት ተሸክሜው ወጣሁ።

ገጣጥሜ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ሠራ። ወይንሸት ጋ ደውዬ «ዓርብ ነይ፤ እህትሽም ፌቨንን ይዛ ድሬዳዋ ኢንተርኔት ቤት ትግባ» አልኳት። «ታውቀኝ ይሆን?» አለች።

ዓርብ ከሰዓት መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ማዳሟ የሰጠቻትን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ጅቡቲን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምድጃ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። እኛም እንደ አገሩ ሰው ወለሉ ላይ ውኃ አፍስሰን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ በባዶ እግራችን እርጥቡን ሴራሚክ እየረገጥን ነው የምንቀዘቅዘው። ወይንሸትም ነጠላ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የላስቲክ ጫማዬን አላወለቅኩም።

«ስክሪኑ ራቀኝ፤ ጠጋ አድርግልኝ» አለች። ቦታ እንዲለቅ ብዬ ኬዙን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወለሉ ላይ፣ እግሯ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚያ ስክሪኑን አስጠጋሁላት።

ፌቨን ታየች። ምስሉ ይቆራረጣል እንጂ እሷው ናት፤ ፀጉሯን ሁለት ጎን የተሠራች ቀጭን ልጅ፣ ከአክስቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች።

«ፌቨንዬ! እኔ ነኝ፣ እማዬ ነኝ!»

ልጅቷ ትንሽ አፈረች። ከዚያ አፏን ከፍታ ጣቷን ድዷ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር አለች። ከውጪ ጫት ሻጮቹ ይጯጯሃሉ፣ ድምፁ አልሰማ አለ።

«ጥርሷ ወልቆ ነው! ሰለሞን፣ ጥርሷ እኮ ወልቋል! ምን አልሽ የኔ እናት? አልሰማሁሽም!»

«ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አድርጊው» ብዬ ሰጠኋት። የማዳመጫው መሰኪያ ከኬዙ ፊት ለፊት፣ ታች ነው። ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል ጎንበስ አለችና ቀዳዳውን በዳሰሳ ልታገኘው ኬዙን በቀኝ እጇ ጨበጠችው።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከጉሮሮዋ አንድ የታፈነ ነገር ወጣ፤ ሰውነቷ ግትር አለ፤ ጣቶቿ ብረቱ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ኤሌክትሪክ ይዟታል። ፊቷ ግን አሁንም ወደ ስክሪኑ ነው፤ እዚያም ያቺ ልጅ ታያታለች።

ልይዛት እጄን ዘርግቼ ነበር። ምን እንደመለሰኝ አላውቅም። ዘልዬ ከግድግዳው ላይ ሶኬቱን ከነሽቦው ነቀልኩት። ስክሪኑ ጨለመ፤ ወይንሸትም እርጥቡ ወለል ላይ በጎኗ ወደቀች።

«ወይንሸት! ወይንሸት!» አልኩ። ደረቷ አይነሳም። ከእጇ የተቃጠለ ሥጋ ሽታ መጣ፤ ያ ሽታ አሁንም ይህን ስጽፍ አፍንጫዬ ስር ነው። ጉንጯን መታሁት፣ ደረቷን ተጫንኩት፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ከሻይ ቤቱ ሰዎች ገብተው አንዱ ታክሲ አስቆመ። ሾፌሩ ሶማሌ ነበር፤ «ያላ! ያላ!» እያለ እግሯን አንስቶ ከኋላ ወንበር አስተኛት። እሷን ታቅፌ፣ አፏ ላይ ጆሮዬን አድርጌ እሄዳለሁ። ምንም የለም። ከዚያ ከአፏ አንዲት ትንሽ ትንፋሽ ወጥታ ጆሮዬን ነካችው። ታክሲው ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሐኪሙ አይቷት ወጣና «ኤል ረስፒር» አለኝ፤ ትተነፍሳለች ማለቱ ነው። ልቧ ደህና ነው፣ ትኖራለች። ስለ እጇ ስጠይቀው ግን ትከሻውን ነቀነቀ። ቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ያለው የእጇ በኩል እስከ ጅማቱ ተቃጥሏል፤ ይታጠፉ አይታጠፉ ወደፊት የሚታይ ነው አለ። የቤት ሠራተኛ ቀኝ እጅ መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ፈረንሳይኛው ጠፋኝ።

ስልኬ ያለማቋረጥ ይጮህ ነበር። የወይንሸት እህት ናት፣ ከድሬዳዋ። «ምን ሆነች? ልጅቷ አላርፍ ብላኛለች። እማዬ አፏን ከፍታ አየችኝና ጠፋች ትላለች።»

«መብራት ሄዶብን ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

በማግስቱ ጠዋት ካቻቢቴ ይዤ ያንን ፓወር ሰፕላይ ፈታሁት። ብሎኖቹን አውልቄ ክዳኑን ሳነሳ መጀመሪያ ያየሁትን አላመንኩም። ውስጡ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ከቀላሉ ኬዝ ፓወር ባይብስ አይሻልም፤ ጥቂት ቀጫጭን ሽቦ፣ ትንሽ ቦርድ። ቀሪውን ቦታ የያዘው ከዳቦ የማያንስ የሲሚንቶ ጡብ ነበር።

ሲሚንቶ! ለክብደት። በእጃችን እንድንመዝነው።

በሙጫ ተለጥፎ ነበር። በጅቡቲ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ፣ ኬዙን ወለል ላይ ሳስቀምጠው ጡቡ ተላቅቆ የመብራቱን ሽቦ ከብረቱ ጋር አጣብቆት ነበር። ልባሱ ተገሽልጦ መዳቡ ብረቱን ነክቷል። ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ቀን የሚያድነው ሽቦ፣ ከነጭራሹ አልተገናኘም።

ጡቡን አውጥቼ በብርሃን አየሁት። «ፋብሪካ ነው የሠራው፣ ሻጩ ምን ያድርግ» ብዬ ልምረው ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ጡቡ ውስጥ ጥቃቅን ነጫጭ ነገሮች አሉ። በጥፍሬ ፈለቀቅኳቸው። የባሕር ዛጎል ስብርባሪ ነው። የዚሁ የጅቡቲ ባሕር ዳር አሸዋ! ሲሚንቶው የተቦካው ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ፣ አጠገባችን ነው። ያን ጊዜ በር ድረስ እንኳን ሳልደርስ አስመለሰኝ።

ጡቡን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ሱቁ ገሰገስኩ። ዝግ ነው። የጎረቤቱ ባለ ሱቅ «የታመመች ልጅ አለች፣ ሊጠይቅ ሄዷል» አለኝ። ወይንሸት መሆኗ ገባኝና ወደሷ ዞርኩ።

ሴቶቹ ዓርብ ዓርብ የሚያርፉባት፣ በጋራ የተከራዩአት አንዲት ክፍል እዚያው ካርቲየ ሰባት ነበረች። ወይንሸት ወረቀት ስለሌላት ሐኪም ቤት ብዙ መቆየት ፈርታ ጠዋቱኑ ወደዚያ መጥታለች። ስገባ ፍራሽ ላይ ተኝታ፣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ራስጌዋ ላይ መኩሪያ ተቀምጧል! የማንጎ ጭማቂና ብስኩት ይዞ መጥቷል። ጋሽ ደምሴና የክፍሏ ሴቶችም አሉ።

መኩሪያ እያጽናናት ነው። «ሚካኤል ነው ያተረፈሽ ልጄ። የዚህ አገር መብራት እንዲህ ነው፤ ስንቱን በላ መሰለሽ! እድሩም አይተውሽም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች ወይንሸት በደከመ ድምፅ።

ይህን መስማት ከጡቡ በላይ አስጠላኝ። ጋዜጣውን ፈታሁና ጡቡን ብስኩቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ይኼ ከሸጡልኝ ፓወር ውስጥ የወጣ ነው። መዳቡ ይኼ ነው?»

መኩሪያ አየው። ዓይኑ አልተርበደበደም። «ቻይና ነዋ! እኔ እየከፈትኩ ነው የምሸጠው?»

«ቻይና ውስጥ የጅቡቲ ዛጎል አለ? እዩት ጋሽ ደምሴ፣ እዩት! ሱቃቸው ውስጥ የዚህ ዓይነት ካርቶን እስከ ጣሪያ ነው የደረደሩት!»

ጋሽ ደምሴ ጡቡን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲመዝን የኖረ እጁ ላይ አገላበጠው። መልሶ ሲያስቀምጠው ፊቱ ተለውጦ ነበር። ቀጥሎ ያደረገው ግን፣ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ድምፃችሁን ቀንሱ። ፖሊስ ቢመጣ መጀመሪያ የምትታፈሰው እሷ ናት፤ ወረቀት የላትም። ይኼ እዚሁ ያልቃል። መኩሪያ፣ ተነስ። ይቅርታ ጠይቃት። እንደ አገራችን ወግ፣ ድንጋይ ተሸክመህ።»

ክፍሏ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ጡቡን አንስቼ ሰጠሁት።

መኩሪያ ለአፍታ አመነታ። ከዚያ ተቀብሎ ማጅራቱ ላይ አደረገው፣ ፍራሹ ሥር ጎንበስ አለ። «አጥፍቻለሁ። ነጋዴ ነኝ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው ብዬ ነው። ስለ ሚካኤል ይቅር በይኝ።» እንባም መጣለት። ያስጠላኛል ያልኩት ሁሉ ለካ ገና ጅምሩ ነበር።

«አንሽለት ልጄ» አላት ጋሽ ደምሴ። «ያገር ልጅ ነው፣ ነገ አብራችሁ ናችሁ። የተሸከመውን አንሽለት።»

ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ የምታነሳለት የተበደለችው ናት። ሌላ ሰው አያነሳለትም። ወይንሸት በጤነኛው እጇ ተደግፋ ቀና አለች። ግራ እጇን ወደ ጡቡ ዘረጋች። እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«ሰለሞን እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል ያላቸውስ?»

«የትኞቹ?» አለ መኩሪያ ጎንበስ እንዳለ።

«ካርቶኖቹ። እነሱን በሰው ፊት ይከፍቷቸዋል?»

መኩሪያ ጡቡን ማጅራቱ ላይ አመቻቸ።

«ጋሼ፣ እየጠየቅኩዎት ነው።»

«እነሱማ ሄደዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ አገር ቤት ተጭነዋል።»

«መቼ?»

«ትናንት... ማታ በወጣ መኪና።»

«እኔ ሐኪም ቤት እያለሁ?»

ጋሽ ደምሴ «የማን መኪና ነው? ታርጋው?» ብሎ ጮኸ፤ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ። መኩሪያ «አላውቀውም፣ የሰው መኪና ነው» አለ። ድንበሩን፣ ጋላፊን አልፏል፤ አሁን ምን ይደረጋል፤ ገንዘቡንም ተቀብያለሁ አለ። በሲሚንቶ ጡብ ጎብጦ፣ በእንባው መሃል እንዲህ አለ።

ወይንሸት የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችው።

«እንግዲያው ተሸክመኸው ቆይ» አለችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጋሽ ደምሴም አላነሳለትም። ሴቶቹም አላነሱለትም። መኩሪያ እንደጎበጠ ግራ ቀኝ እያየ ቆየ፤ በመጨረሻ ጡቡን በገዛ እጁ አውርዶ በሩ ሥር አስቀመጠና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ማንም ደህና ዋል አላለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። የወይንሸት ጣቶች አልታጠፉም። ሀራሙስ ያለችው ማዳም አዝና፣ ልብስም ሰጥታ፣ በሳምንቱ ሌላ ሠራተኛ አስገባች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ወይንሸት ድሬዳዋ ገባች፤ በሚታጠፉት ጣቶቿ እየሠራች ፌቨንን አሳደገች። ጋሽ ደምሴ ከመኩሪያ ሱቅ አንድ መርፌ እንኳን ሳይገዛ ጡረታ ወጣ። መኩሪያ ግን እዚያው አለ ይሉኛል፤ እድሩንም አልተወም። ለሞቱት አስከሬን ማስላኪያ ዛሬም ያዋጣል።

እኔ ክፍሌን መልሼ ለባለቤቱ አስረከብኩና ወደ አገሬ ወጣሁ። ኤሌክትሪክ ተማርኩ፤ ዛሬ አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያዬን ያስመረጠኝ ፍላጎት አይደለም፣ ጸጸት ነው። «ያገር ልጅ ነው» ሲሉኝ ኪሴን የምይዝ ሰው ሆኛለሁ፤ ይህንን አልወደውም፣ ግን ሆኛለሁ። የኛ ሰው ክብደትን እንደሚያምን የሚያውቅ ሌባ ከባዕድ ሌባ የባሰ ነው።

እነዚያ ካርቶኖች የት እንደገቡ አላወቅኩም። ቢሮ ይሁን ቤት፣ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ይሁን ፎቶ ኮፒ ቤት እንጃ። ሱቄ የሚመጣ ኬዝ ሁሉ ይነዝር እንደሆነ ሳልጠይቅ አልቀበልም። አንድ ቀን ከአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ጸሐፊ በባጃጅ አስጭና አንድ ኬዝ አመጣችልኝ። ስክሪኑ እምቢ አለ ብላ ነው እንጂ ለሌላ ነገር አይደለም።

«ይነዝራል?» አልኳት።

«አዎ፣ እሱማ ድሮም ይነዝራል» አለች እየሳቀች። «በመጥረጊያ እንጨት ነው የምናበራው። ልጆቹም ለምደውታል።»

ካቻቢቴውን አንስቼ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከፍቼ ከማየቴ በፊት ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ መኩሪያን እንድትረግሙልኝ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ፣ ቢሯችሁ ውስጥ ስትነኩት የሚነዝራችሁ ነገር ካለ፣ ጫማ እያደረጋችሁ፣ እንጨት እየፈለጋችሁ፣ ልጆቻችሁን «እሱን አትንኩ» እያላችሁ አብራችሁት አትኑሩ። ንቀሉት። አትልመዱት።